የኮሚክ ሰዎች በፊልም መንደር

የኮሚክ ደራሲ በገጹ ላይ ንጉሥ ነው። ዝናብ ካሻው ያዘንባል፤ ከተማ ማፍረስ ቢያምረው ወጪው ቀለም ብቻ ነው። የፊልም ጽሑፍ ግን ጣጣው ብዙ ነው። በሙያው ልማድ የስክሪፕት አንድ ገጽ የአንድ ደቂቃ ፊልም ያህል ይታሰባል፤ ደቂቃዋ ደግሞ ገንዘብ ናት። ስለዚህ ፕሮዲዩሰሩም፣ ዳይሬክተሩም፣ ተዋናዩም ጽሑፉን ሳይነካካ አያልፍም። ከኮሚክ ወደ ፊልም የተሻገሩትን ሰዎች ስናይ፣ ብዙ ጊዜ ዕጣቸውን የለየው የማንን ታሪክ ይዘው እንደገቡ ነው።

አሜሪካዊው ፍራንክ ሚለር ሁለቱንም ቀምሷል። እ.ኤ.አ. በ1986 ያረጀውን ባትማን ያስነሳበት «ዘ ዳርክ ናይት ሪተርንስ» ስሙን አስጠራው፤ ሆሊውድም «ሮቦኮፕ 2»ን እንዲጽፍ ጠራው። ፊልሙ በ1990 ለእይታ ሲበቃ የሚለር ጽሑፍ በብዙ እጅ ተለዋውጦ ነበር። በጽሑፉ የተሳተፈበት «ሮቦኮፕ 3»ም አልካሰውም። በወረቀቱ ላይ ግን በ1991 «ሲን ሲቲ»ን ጀመረ፤ ጥላው ድፍን ጥቁር፣ ብርሃኑ ባዶ ወረቀት የሆነ የወንጀል ዓለም።

ይህን ሥራውን ለፊልም አሳልፎ ለመስጠት ሲያቅማማ፣ ዳይሬክተሩ ሮበርት ሮድሪጌዝ ቴክሳስ ድረስ ጋብዞት አንዲት አጭር ትዕይንት ቀርጾ አሳየው። ትዕይንቷ ኋላ የፊልሙ መክፈቻ ሆነች። ተዋንያኑ አረንጓዴ መጋረጃ ፊት ቆመው ተጫወቱ፤ ከተማው በኮምፒውተር ተጨመረ፤ የካሜራው ዓይን የመጽሐፉን ሥዕሎች እግር በእግር ተከተለ። ሚለር በጋራ ዳይሬክተርነት እንዲጠቀስ የዳይሬክተሮች ማኅበር ደንብ ስላልፈቀደ፣ ሮድሪጌዝ ከማኅበሩ ለቀቀ። ፊልሙ በ2005 ወጣ፤ ተወደደም። ሚለር በ2008 ብቻውን ያዘጋጀው «ዘ ስፒሪት» ግን ከሰረ፤ ገጸ ባሕርዩ የዊል አይስነር ፈጠራ ነበር።

የራስን ታሪክ ይዞ መግባት ማለት መጽሐፉን እንዳለ መገልበጥ ማለት አይደለም። የኮሚክ ደራሲው ዳንኤል ክላውስ «ጎስት ወርልድ» የተባለ ኮሚኩን ከዳይሬክተሩ ቴሪ ዝዊጎፍ ጋር ለፊልም ሲጽፍ፣ ሲሞር የሚባል ብቸኛ የሸክላ ሰብሳቢ ጨመረበት፤ ስክሪፕቱም ለኦስካር ታጨ። ኢራን የተወለደችው ማርጃን ሳትራፒ በበኩሏ ልጅነቷን የሣለችበትን «ፐርሴፖሊስ» ከቬንሳን ፓሮኖ ጋር በ2007 ወደ አኒሜሽን ስትቀይረው ጥቁርና ነጩን በአብዛኛው አልለቀቀችም። ፊልሙ በካን ፌስቲቫል የዳኞች ሽልማት አገኘ። ከአፍሪካ የኮትዲቯሯ ማርገሪት አቡዌ አለች፤ የአቢጃንን ሰፈር ዮፑጎን ሐሜትና ፍቅር የተረከችበትን «አያ»ን ከሠዓሊው ክሌማን ኡብረሪ ጋር ራሷ ወደ ፊልም አመጣችው።

በሌላ ሰው ታሪክ ውስጥ የሰመረለትም አለ። ብራያን ኬ. ቮን «ዋይ፦ ዘ ላስት ማን» በተባለው ኮሚክ ከታወቀ በኋላ «ሎስት» የተባለውን የቴሌቪዥን ድራማ ከሚጽፈው ቡድን ተቀላቀለ። ቴሌቪዥን ግን ከመነሻው የጋራ ማዕድ ነው፤ የሚገባውም ይህን አውቆ ነው።

እንግሊዛዊው የኮሚክ ደራሲ አለን ሙር ደግሞ ከኮሚኮቹ ከተሠሩት ፊልሞች ራሱን አራቀ። ሥራዎቹ ፊልም ሲሆኑ ስሜ ይውጣ፣ ገንዘቡም ለሠዓሊዎቹ ይሰጥ አለ። በ2009ኙ «ዎችመን» ፊልም ላይ ከመጽሐፉ ሁለት ፈጣሪዎች የሚነበበው የሠዓሊው የዴቭ ጊቦንስ ስም ብቻ ነው።