ስለ ውሻ ምልክትና ስለ ባለቤቱ ኀላፊነት

ሰው ሀብቱን ከሌላው ሰው ሀብት ለመለየት ምልክት ማድረግ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ገበሬ ከብቱን በጋለ ብረት ይተኩሳል፤ እረኛ የበጉን ጆሮ ለምልክት ይቈርጣል፤ ሹምም በደብዳቤው ላይ ማኅተሙን ያሳርፋል። የዚህ ሁሉ ትርጕሙ አንድ ነው፤ ይኸውም ነገሩ ባለቤት ያለው መሆኑንና ስለ እርሱ የሚጠየቅ ሰው መኖሩን ለማስታወቅ ነው። በዘመናችን ደግሞ በብዙ አገሮች ማይክሮቺፕ የሚባል ምልክት በቤት ውሻ ቆዳ ሥር እንዲቀበር በሕግ ታዝዟል። ይህ ነገር ለአንዳንዶች ቅንጦት፥ ለሌሎችም በእንስሳ ላይ የሚደረግ ጭካኔ መስሎ ስለሚታያቸው፥ ጉዳቱ ምን ያህል እንደ ሆነና ስለ ምን እንደሚያስፈልግ ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ እንወዳለን።

ማይክሮቺፕ ርዝመቱ 12 ሚሊሜትር፥ ውፍረቱም 2 ሚሊሜትር ያህል ሆኖ የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነገር ነው። ከውጭ የሚሸፍነው ከሥጋ ጋራ የሚስማማ መስተዋት ነው። ባትሪ የለውም፤ ስለዚህ በራሱ ምንም ኀይል አያወጣም። ሐኪሙ የማንበቢያውን መሣሪያ በውሻው ትከሻ ላይ ባሳለፈ ጊዜ ግን፥ ከመሣሪያው የሚወጣው የራዲዮ ሞገድ ይቀሰቅሰውና 15 አኀዝ ያለውን ቍጥሩን ይመልሳል። የቍጥሩና የሞገዱ ሥርዐት አይ.ኤስ.ኦ 11784ና 11785 በተባሉት ዓለም አቀፍ ደንቦች የተወሰነ ስለ ሆነ፥ በአንድ አገር የተቀበረው በሌላው አገር ሊነበብ ይችላል። ብዙ ሰዎች ይህ ምልክት ውሻው የሄደበትን ስፍራ ከሩቅ የሚያሳይ ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። እርሱ የሚናገረው ቍጥሩን ብቻ ነው፤ ያውም በቅርብ ሲጠየቅ ነው።

ስለ ጉዳቱም እውነቱን ሳንሸሽግ እንናገራለን። ምልክቱ ከክትባት መርፌ ጥቂት በሚወፍር መርፌ፥ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ከቆዳው ሥር ይገባል። ማደንዘዣ አያስፈልገውም፤ ሥራውም በጥቂት ሰኮንድ ያልቃል። ከሚታወቁት ጉድለቶች ዋናው፥ ምልክቱ ከተቀበረበት ስፍራ ወደ ትከሻ ወይም ወደ እግር መውረዱ ነው፤ ይህም ውሻውን ብዙ ጊዜ አይጐዳውም፤ ነገር ግን አንባቢው ሐኪም መሣሪያውን በገላው ሁሉ ላይ እንዲያሳልፍ ያስገድደዋል። በቤተ ሙከራ ባሉ አይጦች ላይ በምልክቱ ዙሪያ ዕጢ እንደ ተገኘ ተጽፏል፤ ምልክቱ ከተቀበረላቸው እጅግ ብዙ ውሾች መካከል ግን እንዲህ ያለ ዕጢ የታየባቸው በጣም ጥቂቶች ናቸው። እንዲሁም ባልለመደ እጅ ተቀብሮ ወደ አከርካሪ የገባበትና ብርቱ ጉዳት ያደረሰበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የእንግሊዝ ሕግ የእንስሳት ሐኪም ያልሆነ ወይም በዚህ ሥራ ያልሠለጠነ ሰው እንዳይቀብር ይከለክላል፤ ጉዳት ሲደርስም ለመንግሥት እንዲነገር ያዛል። እንግዲህ አደጋው ፈጽሞ የለም አይባልም፤ ነገር ግን ጥቂት መሆኑና በጥንቃቄ የሚቀነስ መሆኑ የታወቀ ነው።

ስለ አስፈላጊነቱ የእንግሊዝ አገር ሥራ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። በዚያ አገር በ1992 በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣው ትእዛዝ፥ ውሻ በአደባባይ ሲሄድ የባለቤቱ ስምና አድራሻ የተጻፈበት የአንገት ማሰሪያ እንዲኖረው ያዝዛል። ነገር ግን ማሰሪያ ይወልቃል፤ ሌባም ይቈርጠዋል። ስለዚህ ከመጋቢት 28 ቀን 2008 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016) ጀምሮ ዕድሜው ከ8 ሳምንት ያለፈ ውሻ ሁሉ ማይክሮቺፕ እንዲቀበርለትና ከባለቤቱ ስምና አድራሻ ጋራ በመዝገብ እንዲጻፍ ታዘዘ። ማስጠንቀቂያ ደርሶት በ21 ቀን ውስጥ ይህን ያልፈጸመ ባለቤት እስከ 500 ፓውንድ መቀጫ ይከፍላል።

የዚህ ሥራ ፍሬ በቍጥር ታይቷል። በአሜሪካ በ53 የእንስሳት ማቆያ ቤቶች ተመርምሮ በ2001 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ጠፍተው ወደ ማቆያው ከገቡት ውሾች በጠቅላላው ወደ ባለቤታቸው የተመለሱት ከመቶ 22 ያህል ሲሆኑ፥ ምልክት ከነበራቸው ግን ከመቶ 52 ያህል ተመልሰዋል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቢሆንም አስተዋይ ሰው፥ ምልክት እያላቸው ያልተመለሱት ስለ ምን ቀሩ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱም በዚያው ጥናት ይገኛል፤ ባለቤቱ ሳይገኝ ከቀረበት ምክንያት ዋናው፥ በመዝገብ የተጻፈው ስልክ የተሳሳተ ወይም የተቋረጠ መሆኑ ነው። ከቶ በመዝገብ ያልገቡም ነበሩ።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ምልክቱ የሚሠራው በውሻው ቆዳ ሥር ሳይሆን በመዝገቡ ውስጥ ነው። መዝገብ የሌለው ቍጥር ባለቤቱ እንደማይታወቅ ማኅተም ነው። ቤቱን የለወጠ፥ ስልኩን የቀየረ፥ ወይም ውሻውን ለሌላ ሰው የሰጠ ሰው መዝገቡን ሳያሳርም ቢቀር፥ ምልክት እንዳላደረገ ይቈጠራል። በእንግሊዝ አገርም ይህን መዝገብ የሚይዙት ልዩ ልዩ ድርጅቶች ስለ ሆኑ፥ ውሻ ያገኘ ሰው አስቀድሞ ቍጥሩ በየትኛው መዝገብ እንዳለ መፈለግ ግድ ይሆንበታል። ሕግ የሚያወጣ መንግሥት ከመርፌው አስቀድሞ መዝገቡን ቢያደራጅ ይሻላል።

ይህ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን «ባለቤቱን ካልናቁ ውሻውን አይነኩም» ሲሉ፥ ውሻና ባለቤቱ በክብርም በነቀፋም የተያያዙ መሆናቸውን ተናግረዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በቍጥር 2071፥ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፥ በድንገት ከእጁ አምልጦ ቢሆን እንኳ፥ ኀላፊ እንደሚሆን ደንግጓል። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ውሻ ነክሶ ሲሮጥ ሁሉም «የእኔ አይደለም» ቢል ዳኛ በማን ላይ ይፈርዳል?

ከክስም የሚበልጥ ነገር አለ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን እንደሌለ ያህል ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል፤ ወደ ሰው የሚያስተላልፈውም ከመቶ 99 እጅ ውሻ ነው፤ ከሚነከሱትም መካከል ብዙ ሕፃናት አሉ። ሕፃን በተነከሰ ጊዜ ቍስሉ ወዲያው በውሃና በሳሙና መታጠብ፥ ሕፃኑም ሳይዘገይ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። የውሻው ባለቤት ከታወቀ ግን ውሻው መከተቡ ይጠየቃል፤ 10 ቀንም እየተጠበቀ ይመረመራል። ካልታወቀ፥ ወላጆች በጭንቀት ላይ ሆነው ክትባቱን ሁሉ ከማስፈጸም በቀር ሌላ መንገድ የላቸውም። ማይክሮቺፕ በሽታውን አይከላከልም፤ የሚከላከለው ክትባት ነው። ነገር ግን የትኛው ውሻ እንደ ተከተበ ያለ ጥርጥር የሚያስታውቀው በቍጥር የተያዘ መዝገብ ነው።

ወደ ውጭ አገር በሥራ የሚሾሙ ሰዎችም ይህን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውሻ ሲገባ ምልክቱ ከክትባቱ በፊት እንዲቀበር ያዝዛሉ፤ አለዚያ የክትባቱ ወረቀት የማን እንደ ሆነ አይታወቅምና ዋጋ የለውም። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ውሻ ደግሞ ከክትባቱ 30 ቀን በኋላ ደሙ ይመረመራል፤ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮም ሦስት ወር መቆየት አለበት። አሜሪካም ከሐምሌ 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ውሻ ያለዚህ ምልክት እንዳይገባ ደንግጋለች።

እንግዲህ ውሻ የሚያሳድግ ሰው ሦስት ነገር ይጠበቅበታል፤ ውሻውን በሠለጠነ ሐኪም እጅ ማስመልከት፥ በጊዜው ማስከተብ፥ አድራሻውንም በመዝገብ እውነተኛ አድርጎ መጠበቅ ነው። መዝገቡን የሚይዘው ሹም ደግሞ፥ በሌሊት የተነከሰ ሕፃን አባት መጥቶ በጠየቀው ጊዜ፥ የባለቤቱን ስም ወዲያው አውጥቶ መስጠት እንዲችል አድርጎ ይያዘው። በመዝገቡ የተጻፈው ስም እውነተኛ ሆኖ ካልተጠበቀ፥ ከቆዳ ሥር የተቀበረው ምልክት እንደ ተቀበረ ይቀራል።