በትንፋሽ የሚታዘዝ ፋን

የስብሰባ አዳራሽ ሲነደፍ የንጹሕ አየሩ መጠን የሚሰላው ወንበሩ ሁሉ እንደሚሞላ ታስቦ ነው። አዳራሹ 300 ሰው ይይዛል ከተባለ ፋኑም ዳክቱም ለ300 ሰው ይገዛል። ችግሩ አዳራሹ የሚሞላው አልፎ አልፎ መሆኑ ነው። 30 ሰልጣኝ በተቀመጠበት ከሰዓትም ሆነ ወለል በሚወለወልበት ማለዳ ፋኑ ያው ለ300 ሰው ይነፍሳል፤ መብራቱንም በዚያው ልክ ይበላል። አየሩን እንደ ሰዉ ብዛት ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ዘዴ የመጣው ይህን ለማስቀረት ነው።

የሰዉን ብዛት የሚናገረው ትንፋሹ ነው። ተቀምጦ የሚሠራ ሰው በደቂቃ 0.3 ሊትር ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። በደጅ አየር ውስጥ ይህ ጋዝ ከሚሊዮን 420 እጅ ያህል ነው፤ ሰው በበዛበት ዝግ ክፍል ግን በፍጥነት ይጨምራል። የሙኒኩ ሐኪም ማክስ ፎን ፔተንኮፈር በ1858 እ.ኤ.አ. ከሚሊዮን 1,000 እጅን ለክፍል አየር ወሰን አድርጎ አቀረበ። በዚህ መጠን ጋዙ ራሱ ይመርዛል ማለቱ አልነበረም፤ የሰው ጠረንና የሰውነት ትነት አብረው መታመቃቸውን ያሳብቃል ነው ያለው። የዛሬዎቹ መሣሪያዎችም የሚሠሩት በዚሁ ሐሳብ ነው።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሴንሰር በውስጡ ኢንፍራሬድ ብርሃን ይለቃል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብርሃኑን ስለሚውጥ፣ ወዲያ ጫፍ የሚደርሰው ባነሰ ቁጥር ጋዙ በዝቷል ማለት ነው። ንባቡ የፋኑን ፍጥነት ወደሚቆጣጠረው ኢንቨርተር ይሄዳል።

ቁጠባው ደግሞ ከሚጠበቀው በላይ ነው። ፋን የሚፈልገው ኃይል ከአየሩ መጠን ጋር እኩል አይወርድም፤ በኩብ ነው የሚወርደው። አየሩ በግማሽ ሲቀነስ ኃይሉ በስሌት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። የሞተሩና የኢንቨርተሩ ብክነት ሲጨመርበት ቁጥሩ እንዲህ አይጠራም፤ ቢሆንም ትርፉ ብዙ ነው። እንደ ዱባይ ባለ ሞቃት ከተማ የሚገባውን አየር የማቀዝቀዙ ወጪም አብሮ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ግን የደጁ አየር ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ነጻ ማቀዝቀዣ ነው። ክፍሉ ሞቆ ደጁ ቀዝቅዞ ሳለ ሰው ጥቂት ነው ብሎ አየር መቀነስ፣ ለእኔ፣ ቁጠባ አይባልም።

ከተማዋ ሌላም ጣጣ አላት። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ በመሆኑ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ብርሃኑ የሚያገኘው የጋዝ ቅንጣት ስለሚሳሳ፣ ከፍታው ያልተሞላለት ሴንሰር እውነተኛውን 1,000 ወደ 750 ገደማ አውርዶ ያነበዋል። ሰዉ እየታፈነ ፋኑ ይዝናናል።

ብዙዎቹ ሴንሰሮች ደግሞ ሕንፃው ሌሊት ባዶ ይሆናል ብለው በዚያ ሰዓት የሚያነቡትን ዝቅተኛ ቁጥር የደጅ አየር አድርገው ራሳቸውን ያስተካክላሉ፤ ሌሊቱን ሰው በማይለይበት ሆስፒታል ይህ ልማድ ንባቡን ያዛባል። ሰው በሌለበት ክፍልም ቢሆን ቀለሙ፣ ምንጣፉና የቤት ዕቃው ትነት ያወጣሉ፤ ስለዚህ ክፍሉ ሥራ ላይ በሚውልበት ሰዓት ፋኑ ከተወሰነ መጠን በታች መውረድ የለበትም።

ሕንፃ የምታስተዳድሩ እንግዲህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ሻጩን ይህን ጠይቁት፦ ሴንሰሩ የከፍታ ማስተካከያ አለው? ማን ይሞላዋል? ከዚያም ሴንሰሩ ከበርና ከመስኮት ርቆ፣ የተቀመጠ ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ መሰቀሉን በዓይናችሁ አረጋግጡ።