ሁለት ባልዲ እና የአባዬ ዲኤክስ

ደላላው መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራት። ከዚያ በሌባ ጣቱ ኮፈኑን ጠረግ አደረገና ጣቱን አየ። «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ቀለሙ ሞቷል» አለው አባዬን። የሞተው ቀለም ስንት እንደሚያስከፍለንም ወዲያው አሰላልን። ገዢው ሙሉ ቀለም ማስቀባቱ ስለማይቀር ከጠራነው ዋጋ ላይ 80 ሺህ ብር መውረድ አለበት።

አባዬ ዝም አለ።

መኪናዋ ቀይ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። አባዬ የመምህርነት ደመወዙን አጠራቅሞ፣ እቁብ ጨምሮበት የገዛት ናት። ዓይኑ ደክሞ መንዳት ካቆመ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፤ እሷም ከዚያ ወዲህ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ቀይ የምላትም ሊብሬው ላይ እንዲያ ስለሚል ነው እንጂ ኮፈኗና ጣሪያዋ ብዙ ጊዜ እንደታጠበ ሮዝ ሸሚዝ ሆነዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርዱን ስለምናማርር ፀሐይዋን እንረሳታለን እንጂ የመኪና ጣሪያ አይረሳትም።

እኔ ኢኮኖሚክስ ተምሬ በጽሑፍ የምተዳደር ሰው ነኝ (መተዳደር ከተባለ)። 80 ሺህ ሲባል ጆሮዬ ቆመ። እኛ አገር መኪና መጓጓዣ ብቻ አይደለም፣ ቁጠባም ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ ወዲህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው እንደ ወርቅ ይዟት ነው የሚያድረው። ታዲያ ቀለሙ የዚያ ቁጠባ ቆዳ ነው። መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ዋጋ እንኳ ሳይጠይቅ «ቀለም ነክቷታል?» እንደሚል ልብ ብላችኋል? ከፋብሪካ ቀለሟ ጋር ያለች መኪና ትታመናለች። አዲስ የተቀባች ደግሞ «ምን ደብቀውባት ነው?» ታሰኛለች። ስለዚህ የሞተውን ቀለም ከመቀየር ማስነሳት ከተቻለ ሁለት ጊዜ ማትረፍ ነው።

«አንድ ሳምንት ስጠኝ» አልኩት አባዬን።

«ምን ልታደርጋት?»

«ልወለውላት።»

ዲቴይሊንግ የሚባለውን ነገር በስልኬ ብዙ አይቻለሁ። ከተራ እጥበት የሚለየው ቆሻሻውን በማንሳት ስለማያበቃ ነው። ቀለሙ ላይ የተጣበቀውን መንቀል፣ የሻከረውን ማለስለስ፣ ከዚያ በሰም መሸፈን አለበት። ማየትና መሥራት ግን ይለያያል። በመጀመሪያው ቀን ሸራውን ገለጥኩና አሮጌ ሸሚዜን ይዤ በሩን በደረቁ ጠረግኩት። ግማሹን ከጨረስኩ በኋላ የስልኬን መብራት ሳበራበት የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ተዘርግቶ አየሁ። የሠራሁት እኔው ነኝ።

ሰፈራችን ያለው የላቫጆ ልጅ ስነግረው ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ ውሃ ሳታስቀድም ለምን ነካሃት?» አቧራ ስንለው ለስላሳ ይመስለናል። በተለይ አሁን መንገዱ ሁሉ እየተቆፈረ፣ አቧራ የምንለው ሲሚንቶና ደቃቅ አሸዋ ነው፤ አሸዋ ደግሞ ከየትኛውም የመኪና ቀለም ይጠነክራል። በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ማለት መኪናን በስስ ብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው። ጠዋት ጠዋት ጥበቃው እንዲጠርግላችሁ የምትከፍሉ ሰዎች፣ ከይቅርታ ጋር፣ ለዚህ ነው የምትከፍሉት።

ልጁ አንድ ነገር ደግሞ ነገረኝ። እሱ ጋ የሚከፈለው በመኪና ብዛት ነው። ስለዚህ ቸርኬውን ያሸው ስፖንጅ ተመልሶ ኮፈኑ ላይ ይወጣል፤ ለመቀየር ጊዜ የለም። ቸርኬ ላይ የሚቀመጠው ጥቁር ዱቄት ደግሞ ከፍሬን የሚወጣ የብረት ብናኝ ነው። «የራሴ መኪና ብትሆን እንደዚህ አላጥባትም» አለኝ። አልፈረድኩበትም። በቁጥር የሚከፈለው ሰው ቁጥር ነው የሚያመርተው።

በማግስቱ መርካቶ ወረድኩ፣ ሶማሌ ተራ። ነጋዴው ካየኝ ጀምሮ ማሽን ሊሸጥልኝ ነው የታገለው። ከማሽኑ ቀጥሎ ላዩ ላይ «ናኖ» የተጻፈበት ትንሽ ጠርሙስ አመጣ። ናኖ የሚለው ቃል ጠርሙሱን ያሳንሰዋል፣ ዋጋውን ግን አያሳንሰውም። ሁለቱንም አልገዛሁም። በማያውቁት ማሽን ቀለም ማቃጠል ደቂቃ አይፈጅም። የዘመኑ መኪና ላይ ያለው ክሊር ኮት የሚባለው ግልጽ ሽፋን ከጸጉር የቀጠነ ነው፤ አንዴ ካለቀ ሱቅ ሄደው የሚገዙት አይደለም።

ይዤ የተመለስኩት ባልዲ፣ ፀጉራም የማጠቢያ ጓንት፣ ስድስት የማይክሮፋይበር ፎጣ፣ የመኪና ሻምፑ፣ ክሌይ የሚሉት ሊጥ መሰል ነገር፣ ማለስለሻ ፖሊሽ፣ የቆርቆሮ ሰም፣ የወረቀት ፕላስተርና አንድ ለስላሳ ብሩሽ ነው። ጠቅላላ 6,650 ብር ወጣ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የምመርጠው በጣም ርካሹን ነው። ባልዲውን። አንድ ቤት ነበረኝና ሁለት ሆኑልኝ።

ነገሩ ቀላል ነው። አንዱ ባልዲ ሻምፑ አለው፤ ሌላው ንጹህ ውሃ ብቻ። ጓንቱን ሻምፑው ውስጥ ትነክራላችሁ፣ አንድ ቦታ ታጥባላችሁ፣ ከዚያ ወደ ሻምፑው ከመመለሳችሁ በፊት በሁለተኛው ባልዲ ታለቀልቁታላችሁ። አሸዋው እዚያ ይቀራል። እኔ ከሥሩ የእናቴን የፕላስቲክ ወንፊት ገልብጬ አስቀመጥኩበት (ይቅርታ እማዬ)፤ የሰመጠው አሸዋ ጓንቱን ተከትሎ እንዳይነሳ ይከለክለዋል። አንድ ባልዲ ብቻ ከሆነ ያነሳችሁትን አሸዋ መልሳችሁ መኪናዋ ላይ ነው የምትቀቡት። ስጨርስ የሁለተኛውን ባልዲ ውሃ ስደፋ ታቹ ላይ የቀረው አሸዋ ማንኪያ ይሞላ ነበር። ያ ሁሉ ኮፈኑ ላይ ይሽከረከር ነበር ማለት ነው።

ውሃ እኛ ሰፈር በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። ስለዚህ የግፊት ማሽን ምናምን አልነበረም፤ በጀሪካንና በአትክልት ማጠጫ ነው የሠራሁት። መጀመሪያ ሳይነኩ ማርጠብና ጭቃው እስኪለቅ መጠበቅ፣ ከዚያ ከጣሪያ ወደ ታች መውረድ፣ ቸርኬን በሌላ ጨርቅ በመጨረሻ ማጠብ። ስለ ሳሙናም አንድ ነገር ልበል። የልብስ ዱቄት ሳሙና በደንብ ያልሟሟ እንደሆነ ራሱ ይጭራል። ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ደግሞ ቅባት እንዲያነሳ ነው የተሠራው፤ የመኪናዋ ሰምም ለእሱ ያው ቅባት ነው፣ ጠርጎ ይዞት ይሄዳል። አሮጌውን ሰም ለማንሳት ስትፈልጉ አንድ ቀን ይጠቅማል፣ በየሳምንቱ ግን አይደለም። ፎጣዎቹን ለብቻቸው እጠቡ፤ አንዱ መሬት ከወደቀ ያን ቀን ወደ ቀለም አይመለስ።

ስትደርቅ ንጹህ መሰለችኝ። እዚህ ላይ ነው ፌስታል የሚያስፈልገው። ስስ ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁና ኮፈኑን ቀስ ብላችሁ ዳብሱት። ባዶ እጅ የማይሰማው ሁሉ ይሰማችኋል፤ የእኔው እንደ በቆሎ ቂጣ ገጽ ይሻክር ነበር። የዛፍ ሙጫ፣ የሲሚንቶ ጠብታ፣ የብረት ብናኝ። ክሌዩ ለዚህ ነው። ሻምፑ ያለበት ውሃ እየረጩ በላዩ ላይ ሲያንሸራትቱት የተጣበቀውን ይነቅላል። መሬት ከወደቀ ግን ወደ ቆሻሻ ነው፣ ምንም ያህል ቢቆጫችሁ።

የውስጡን ነገር አላበዛውም። የጥርስ ብሩሽ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ ከጎረቤት የተዋስኩት ቫኪዩም። ዳሽቦርዱን የሚያብረቀርቅ ቅባት አልቀባሁትም፤ አቧራ ይሰበስባል፣ ፀሐይም እያንጸባረቀ ዓይን ይወጋል። ከሹፌሩ ወንበር ሥር የጠመኔ ቁራጭ አገኘሁና ለአባዬ ሰጠሁት። ኪሱ ከተተው፣ ምንም አላለም።

አስደንጋጩ ቀን ፖሊሹ ነበር። የደብተር ስፋት በምታህል ቦታ ላይ ልሞክር ብዬ በእጄ ክብ ክብ እያልኩ ሳሽ ጨርቁ ደም መሰለ። ቀለሙን አወጣሁት ብዬ እጄ ተንቀጠቀጠ። 80 ሺህ ሳተርፍ መኪናዋን ራሷን ላጠፋት ነው! አባዬን ጠራሁት። ጨርቁን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየውና ፈገግ አለ። «ድሮም ስወለውላት ጨርቁ ይቀላ ነበር። የእሷ ቀለም ከላይ ሌላ ሽፋን የለውም።»

ልክ ነበር። ክሊር ኮት ያለው መኪና ሲወለወል ጨርቁ የመኪናውን ቀለም አይዝም። በእነዚህ አሮጌ መኪኖች ላይ ግን ቀለሙም ሽፋኑም አንድ ነው፤ ፀሐይ ያቃጠለችው የላይኛው ስስ ንብርብር ነው ሮዝ የሚመስለው። ያ ሲነሳ ከሥር ቀዩ ይወጣል። ደላላው ሞቷል ያለው ቀለም ከነሕይወቱ ተሸፍኖ ነበር። ችግሩ ንብርብሩ ማለቂያ አለው፤ ጠርዝ ላይ ደግሞ ከሁሉ ይሳሳል። ጠርዞቹን በወረቀት ፕላስተር ሸፈንኩና ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትሞቅ፣ አራት ቀን ሠራሁ። ትከሻዬ እስካሁን አልተመለሰም። ሰሙ የመጨረሻ ነው። ሰም ጭረት አያጠፋም፣ የለሰለሰውን ይጠብቃል እንጂ። ብዙ ሰው ከዚህ ይጀምርና ገንዘቡን ይጥላል።

በአምስተኛው ቀን ጎረቤት ሁሉ እየወጣ አያት። ቀይ ናት። ግን አንድ ነገር አብሮ ወጣ። በስተቀኝ ያለው የኋላ ፓራፋንጎ ከሌላው ጋር አልሄደም። ሁሉም ሮዝ እያለ ልዩነቱ ማንም ዓይን ውስጥ አይገባም ነበር። አሁን ግን ብርቱካንማ ቀይ ሆኖ ቁጭ ብሏል። አባዬ አንድ ክረምት ስልክ እንጨት ጋር አጋጭቷት በሠፈር ቀቢ የተቀባ ነው።

ደላላው ሲመጣ መጀመሪያ አፉን ያዘ፣ ቀጥሎ ፓራፋንጎውን አየ። «ምንም ችግር የለም። ቀኟን ወደ ግድግዳው አስጠግተን እናቆማት። ገዢውን እኔ ወደ ምሽት ገደማ አመጣዋለሁ።»

ዩኒቨርሲቲ ስለ ጆርጅ አከርሎፍ ተምረናል። በ1970 እ.ኤ.አ. ያሳተመውና ኋላ ኖቤል ካሸለሙት ሥራዎቹ ዋናው የሆነው ጽሑፍ ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ነው። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው አያውቅም፤ ስለዚህ ገዢው ሁሉንም ይጠራጠራል፣ ለሁሉም ዝቅ ያለ ዋጋ ይሰጣል፣ ጥሩ መኪና ያለውም ከገበያው ይወጣል። ፈተና ላይ ጥሩ አድርጌ መልሼው ነበር። ያን ምሽት ግን ከደላላው ጋር ነበርኩ። አራት ቀን ትከሻዬን የጨረስኩት ለፓራፋንጎ ልከስርበት ነው? አባዬን ላግባባው ሞከርኩ። ካልጠየቀ አትናገር፣ መዋሸት አይደለም አልኩት።

«ያጋጨኋት እኔ ነኝ» አለኝ። «ለራሴ ጥፋት ሌላ ሰው ለምን ይከፍላል?»

ገዢው በጠዋት መጣ፣ በዕድሜ እኔን የሚያህል ልጅ ነው፤ የባትላሜራ ባለሙያ ይዞ። አባዬ ገና ሰላምታ ሳያልቅ ክንዱን ይዞ ወደ ቀኝ ወሰደው። «እዚህ ጋ ተመትታለች። ሌላ ቦታ የለም።» ባለሙያው ፓራፋንጎውን በጣቱ መገጣጠሚያ አንኳኳ፤ ስቱኮው ድምፁ ደንቆሮ ነው። ከዚያ ሌላውን ሁሉ እየዞረ አንኳኳ፣ የበሮቹን ጠርዝ ከፍቶ አየ። «ሰውዬው እውነቱን ነው። የቀረው የፋብሪካ ነው» አለ። ለፓራፋንጎው 25 ሺህ ተቀነሰ። ደላላው ወደ እኔ እያየ ራሱን ነቀነቀ፣ ኮሚሽኑን ግን አልቀነሰም።

መኪናዋ በምትሄድበት ቀን ለመጨረሻ ጊዜ አጠብኳት። አባዬ ከወንበሩ ተነሳና «እስቲ ያንን ፌስታል» አለኝ። እጁ ላይ አጠለቀውና ከኮፈኑ ጀምሮ፣ በጣሪያው አልፎ፣ እስከ ኋላ ዳበሳት። ዓይኑ ቀዩን ምን ያህል እንደሚያየው አላውቅም። «ለስልሳለች» አለ።

ገዢው ቁልፉን ሲቀበል የተረፈውን ሰም፣ ጓንቱንና ሁለቱን ባልዲዎች ከኋላ ጫንኩለት። አመሰገነኝና ቆም አለ።

«ሁለተኛው ለምንድን ነው?»

«ለአሸዋው» አልኩትና ከመኪናው አስወርጄ አሳየሁት።