የደጋ አጋዘን አደንና የካሊበር ምርጫ
በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚኖረው የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝና ለመጥፋት የተጋለጠ ዝርያ ነው። ስለዚህም በፈቃድ በሚካሄደው አደን የካሊበር ምርጫ ከአዳኙ ፍላጎት ያለፈ ጉዳይ ይሆናል፤ ቆስሎ ወደ አስታ ጥሻ የገባ እንስሳ ሳይገኝ ሊሞት ይችላልና።

በ1906 እ.ኤ.አ. የወጣው 30-06 እና በ1963 የወጣው 300 ዊንቸስተር ማግነም የሚተኩሱት እርሳስ ውፍረቱ እኩል ነው፤ 7.8 ሚሊ ሜትር ገደማ። የሚለያዩት በባሩዳቸው መጠን ነው። 11.7 ግራም የሚመዝን እርሳስ ከመጀመሪያው በሴኮንድ 820 ሜትር፣ ከሁለተኛው 900 ሜትር ገደማ ፈጥኖ ይወጣል። ጉልበት ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚያድግ ብልጫው 20 በመቶ ያህል ነው። በአንጻሩ የጠመንጃው ርግጫ ይበረታል፤ ርግጫ የሚፈራ ተኳሽም ምላጭ ሲስብ ዒላማውን ይስታል።

በ3,500 ሜትር ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለል በ30 በመቶ ገደማ ስለሚያንስ እርሳሱ ፍጥነቱን የሚያጣው በዝግታ ነው። በመሆኑም በቆላ የተስተካከለ መነጽር በደጋ ከርቀት ሲተኮስበት ከታለመው ከፍ ብሎ ያስመታል፤ አነስተኛው ካሊበርም ከተለመደው ሠንጠረዥ የተሻለ ጉልበት ይዞ ይደርሳል። እንግዲህ የሚመረጠው ካሊበር አዳኙ ሳይሸማቀቅ በትክክል የሚተኩሰው ነው፤ የርቀቱም ወሰን የጥይቱ አቅም ሳይሆን የተኳሹ ብቃት ነው።