ያውቁ ኖሯል? አትምረጡኝ እያለ የተመረጠው ድራመር

የዛሬው ዓምዳችን ፌንሪዝ ስለሚባል ኖርዌያዊ የብላክ ሜታል ሙዚቀኛ ነው። ባንዱ ዳርክስሮን ይባላል። ሙዚቃው ባይጥምዎ አልፈርድብዎትም፤ የእኔም ጆሮ እስኪለምደው ብዙ ታግሏል። የሰውየው ነገር ግን ሙዚቃውን ለማይሰማም ይጥማል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ያውቁ ኖሯል? ይህ ሰው ሳይፈልግ የምክር ቤት ሰው ሆኗል። የእጩዎች ዝርዝር ላይ ስምህን እናስገባ ሲሉት፣ ከታች 18ኛ ምናምን ላይ ብጻፍ ማን ያየኛል ብሎ እሺ አለ። ለቅስቀሳ የቀረበው ፎቶ ድመቱን ታቅፎ የተነሳው ነው፤ መልእክቱም እባካችሁ አትምረጡኝ የሚል። የሰፈሩ ሰው ግን መረጠው። ተጠባባቂ ተወካይ ሆነ፤ ዋናው ሰው ሲታመም ወይም ሲቀር ተጠርቶ ስብሰባ የሚቀመጥ ማለት ነው። ወሬው በ2016 ዓለምን ሲዞር እሱ የተናገረው፣ ሥራው አሰልቺ እንደሆነና ገንዘብም እንደሌለው ነበር። እኛ ዘንድ አትምረጡኝ የሚል እጩ ቢገኝ እኔም ሳልመርጠው አልቀርም።

ሰፈሩ ኮልቦትን ይባላል፤ ከኦስሎ ወደ ደቡብ ሲወጡ የሚገኝ፣ ደን የከበበው የባቡር መስመር ከተማ። በዚያን ጊዜ ኦፔጎር በምትባል ወረዳ ሥር ነበር። በ1911 ደቡብ ዋልታን በመጀመሪያ የረገጠው የሩዋል አሙንድሰን መኖሪያ ቤትም በዚችው ወረዳ ይገኛል። ብርድ ወዳዶች የሚበቅሉባት ወረዳ ሳትሆን አትቀርም።

ፌንሪዝ የተወለደው ኖቬምበር 28 ቀን 1971 ነው። በእኛ ኅዳር 18 ቀን 1964 መሆኑ ነው፤ ለኅዳር ጽዮን ሦስት ቀን ሲቀረው። ሰይጣን፣ መቃብርና ጨለማ የዘፈኑ ስንቅ ለሆነ ሰው ጎረቤቱ ጥሩ በዓል ነው።

ሲወለድ የወጣለት ስም ሌይፍ ናጌል ነበር። በኋላ ስሙን ቀይሮ ጊልቬ ፌንሪስ ናጌል ተባለ። ጊልቬ በጥንት የሰሜን ሰዎች ተረት ውስጥ ያለ ንጉሥ ሲሆን፣ ፌንሪስ ደግሞ በዓለም ፍጻሜ ከእስራቱ ተፈትቶ ኦዲን የተባለውን አምላክ የሚውጠው ተኩላ ነው። ስሙን እንዲህ አስፈሪ ያደረገው ሰው እንጀራ የበላው የት ነው ቢሉ፣ ፖስታ ቤት። ለረጅም ዓመታት የኖርዌይ ፖስታ ሠራተኛ ሆኖ ኖሯል። ሙዚቃውን የደመወዝ ሰዓት ሲያልቅ የሚሠራው ነገር አድርጎ ነው የያዘው፤ በዚህ ምክንያት አሳታሚም ሆነ ገበያ እጁን ጠምዝዞት አያውቅም።

ያውቁ ኖሯል? ዳርክስሮን በ1986 ሲመሠረት ስሙ ብላክ ዴዝ ነበር፤ «ጥቁሩ ሞት» እንደማለት። ፌንሪዝ ያኔ ገና የ15 ዓመት አካባቢ ልጅ ነበር። በ1987 ማብቂያ ስሙ ዳርክስሮን ሆነ፤ በ1988 ደግሞ ጊታር የሚጫወተውና የሚጮኸው ቴድ ሼሉም፣ በመድረክ ስሙ ኖክተርኖ ኩልቶ፣ ተቀላቀለ። ሁለቱ እስከ ዛሬ አልተለያዩም። ከ1993 ወዲህ ባንዱ እነሱ ሁለቱ ብቻ ነው።

«ብላክ ሜታል» የሚለው ስም ኖርዌያዊ አይደለም። ቬኖም የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1982 ላወጣው አልበም የሰጠው ስም ነው። ከዚያ ባቶሪ በስዊድን፣ ሴልቲክ ፍሮስት በስዊዘርላንድ መንገዱን ጠረጉት። ኖርዌያውያኑ ያደረጉት ድምፁን ማቀዝቀዝ ነው።

እንዴት ቀዘቀዘ? የክራር ተጫዋች ግርፍና ድርደራ የሚለውን ያውቃል። ብላክ ሜታል ግርፍ ነው፤ የጊታሩን ክሮች ያለ ዕረፍት፣ በጣም በፍጥነት መግረፍ። ግርፉ ሲፈጥን ምቱ ይጠፋና አንድ ረጅም ጉም የሚመስል ድምፅ ይቀራል። ዜማው በዚያ ጉም ውስጥ ቀስ ብሎ ይሄዳል። እጅ ይሮጣል፣ ዜማ ያዘግማል፤ ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ዳርክስሮን አሳታሚውን ጉድ ሠርቶታል። ፒስቪል የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ለአራት አልበም ያስፈረማቸው ዴዝ ሜታል የተባለው ሌላ የሜታል ዓይነት ተጫዋቾች ብሎ ነበር። የመጀመሪያው «ሶውልሳይድ ጀርኒ» በስቶክሆልሙ ሰንላይት ስቱዲዮ ተቀርጾ በ1991 ወጣ፤ የጠራ፣ የተስተካከለ፣ ሙያ ያለበት ሥራ። ኩባንያው ሁለተኛውንም እንደዚያው ሲጠብቅ፣ ልጆቹ ፊታቸውን እንደ ሬሳ ነጭና ጥቁር ተቀብተው፣ ድምፁን ሆን ብለው አሻክረው «ኤ ብሌዝ ኢን ዘ ኖርዘርን ስካይ»ን አመጡ። ፒስቪሎች ደነገጡ፤ እንደገና ይስተካከል አሉ። ልጆቹ ካልፈለጋችሁት ሌላ የሚያወጣልን አለ ብለው አስፈራሩ። ኩባንያው ተሸንፎ በ1992 አወጣው። ባሲስቱ ዳግ ኒልሰን አዲሱን መንገድ አልወደደውም፤ የድርሻውን ቀድቶ ሰጥቶ ወጣ። ጠብ የለ፣ ስድብ የለ። እንዲህ ያለ ስንብት ደስ ይለኛል።

ያ ፒስቪል መስማት ያልፈለገው አልበም ዛሬ የት እንዳለ ያውቃሉ? በኖርዌይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ቋሚ ኤግዚቢሽን ውስጥ፣ የአገሪቱ የባህል ታሪክ አካል ተብሎ ተቀምጧል።

«ትራንሲልቬኒያን ሀንገር» በ1994 ወጣ። ጊታሩን፣ ቤዙን፣ ድራሙን ሁሉ የተጫወተው ፌንሪዝ ብቻውን ነው፤ ኖክተርኖ ኩልቶ ድምፁን ብቻ ጨመረበት። የተቀረጸውም በፖርታስቱዲዮ ነው፤ በተራ ካሴት ላይ አራት ድምፅ ለየብቻ የሚቀዳ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን የጆሮ ማዳመጫዬ የተበላሸ መስሎኝ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁት። አልተበላሸም። ድራሙ ከርቀት፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይሰማል፤ ስድስት ደቂቃ ያህል በሚፈጀው የመጀመሪያው ዘፈን ምቱ አይለወጥም ማለት ይቻላል። በሁለተኛው ደቂቃ ሰው ይሰለቻል፤ በአራተኛው ስልቸታው ራሱ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል፣ ተመስጦ ልበለው። ከካሴት ላይ ካሴት፣ ከዚያ ላይ ደግሞ ሌላ ካሴት እያስቀዳን ያደግን ሰዎች ያንን የመነመነ፣ የሚያፏጭ ድምፅ እናውቀዋለን። እኛ እንደ ጉዳት የቆጠርነውን እሱ እንደ ቀለም ተጠቀመበት።

በሽፋኑ ላይ የሻማ መቅረዝ ይዞ የሚጮኸውም እሱ ራሱ ነው።

ይህን አልበም እያመሰገኑ ነውሩን መዝለል ግን አይቻልም። በሽፋኑ ጀርባ ሙዚቃውን «አሪያን» የሚል ቃል ታትሞበት ነበር። ለጋዜጠኞች የተሰጠው መግለጫም አይሁዶችን የሚያንቋሽሽ ነበር። ፒስቪል በይፋ ተቃወመው። ባንዱ ይቅርታ ጠየቀ፤ በ1995 በወጣው «ፓንዘርፋውስት» ላይም ዳርክስሮን የናዚም የፖለቲካም ባንድ አለመሆኑን አሳተመ። በ«ትራንሲልቬኒያን ሀንገር» ላይ የአራት ዘፈኖችን ግጥም የጻፈው ቫርግ ቪከርነስ ነው። የፌንሪዝን ነውር የ22 ዓመት ልጅ ሥራ ነው ብለው የሚያልፉት አሉ። እኔ አላልፈውም፤ ግን ይቅርታውንም አልደብቅም።

ቪከርነስ ማነው? በኦገስት 1993 ዩሮኒመስ የተባለውን የሜይሄም ባንድ ጊታሪስት በስለት ወግቶ ገድሎ፣ በ1994 በነፍስ ግድያና በአብያተ ክርስቲያናት ቃጠሎ 21 ዓመት የተፈረደበት ነው። ሟቹ ኦስሎ ውስጥ ሄልቬቴ፣ ማለትም ገሃነም፣ የሚባል የሙዚቃ ሱቅ ነበረው፤ የዳርክስሮን ልጆችም ደንበኞቹ ነበሩ።

ከተቃጠሉት ሁሉ የምታሳዝነኝ ፋንቶፍት ናት። በ12ኛው መቶ ዘመን ከእንጨት የታነጸች ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በ1883 ከመፍረስ ለማዳን ሲባል ተነቅላ ወደ በርገን አካባቢ ተዛውራ ነበር። ጁን 6 ቀን 1992 ነደደች። ዛሬ የሚታየው በአምሳያዋ የተሠራው ነው፤ ስምንት መቶ ዓመት ዕድሜ ያለው እንጨት ግን ዳግም አይበቅልም። ፌንሪዝ በእነዚያ ወንጀሎች አልተከሰሰም፣ አልተፈረደበትም።

ያውቁ ኖሯል? ፌንሪዝ መድረክ አይወድም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ዳርክስሮን የኮንሰርት ጉዞ የሚባል ነገር አያውቅም። ገንዘቡ ያለው ኮንሰርት ላይ በሆነበት በዚህ ዘመን ሁለቱ ሰዎች አልበም ይሠራሉ፣ ያወጣሉ፣ ወደየቤታቸው ይገባሉ። እሱ ነፃ ቀን ሲያገኝ ድንኳኑን ይዞ ደን ውስጥ ማደር ይመርጣል። ሰላሳ ዓመት ያህል አንድ መድረክ ሳይወጡ ስም ሳይከስም መቆየት የቻለ ሌላ ባንድ ካወቁ ይንገሩኝ።

በሌሎች ስሞችም ብዙ ሠርቷል። ኢሰንጋርድ የብቻው ፕሮጀክት ነው፤ ስሙን ከቶልኪን መጻሕፍት ነው የወሰደው። በኔፕቱን ታወርስ ደግሞ ጊታርም ድራምም የለም፤ ኪቦርድ ብቻ፣ ህዋ ውስጥ ብቻውን የሚንሳፈፍ ሰው የሚሰማው ዓይነት ዝግ ያለ ድምፅ። ሳቲሪኮን ከተባለው ባንድ ሳቲርና ከድምፃዊቷ ካሪ ሩስሎተን ጋር በ1995 ስቶርም በሚል ስም የኖርዌይን የሕዝብ ዜማ በሜታል ተጫወቱ። አልበሙ አንድ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ካሪ በግጥሙ ውስጥ ባለው ፀረ ክርስትና ነገር አልተስማማችም።

በ2005 ዳርክስሮን የራሱን ተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ ገዝቶ ሌላ ሰው አያስፈልገኝም አለ፤ ስሙንም ኔክሮሄል ሁለት አሉት። በ2006 የወጣው «ዘ ከልት ኢዝ አላይቭ» ፐንክ ፐንክ ይሸታል። ፌንሪዝ የሬሳ ቀለሙን ታጥቦ፣ የጂንስ ሰደርያውን ለብሶ፣ ስለ ድሮ ሄቪ ሜታል የሚዘፍን ጎልማሳ ሆነ። ጥቁርነት ቀነሰ ብለው ያኮረፉ አድናቂዎች ነበሩ። የሚገርመው፣ በኖርዌይ የአልበም ሰንጠረዥ ለመጀመሪያ ጊዜ የገቡት በዚሁ ነው።

በ2016 «አርክቲክ ተንደር»ን ሲቀርጹ የት ገቡ መሰለዎት? ከ1988 እስከ 1990 ይለማመዱበት ወደነበረው፣ ቦምብ መከላከያ ይሉት ወደነበረው ቤት። ርዕሱም የራሳቸው አይደለም፤ በ1980ዎቹ የነበረ፣ የተረሳ የኖርዌይ ባንድ ስም ነው፤ ባለቤቶቹን አስፈቅደው ነው የወሰዱት። ወግ ያለው ሰው እንዲህ ነው።

ደግሞ ይሄን ይስሙ። በ2021 የወጣው «ኢተርናል ሄይልስ» ርዕሱ ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ስድስት ነጥቦች አሉት፤ ለምን ስድስት ቢባል እንጃ። የተቀረጸበት የኦስሎ ስቱዲዮ ስም ደግሞ ቻካ ካን ነው። አዎ፣ ያችው የፈንክ ንግሥት፣ ቻካ ካን! ብላክ ሜታል በእሷ ስም በሚጠራ ቤት ተቀረጸ።

የኖርዌይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርስ? ከየአገሩ ስለ ብላክ ሜታል የሚጠይቀው ሰው ቢበዛበት፣ ለጀማሪ ዲፕሎማቶቹ ስለ ሙዚቃው ማስተማር እንደጀመረ በ2011 ተዘግቧል። ዘይትና ሳልሞን ከመሸጥ ጎን ለጎን መሆኑ ነው።

ፌንሪዝ የራሱን ሥራ ከማስተዋወቅ የሰው ማስተዋወቅ ይቀናዋል። ማንም የማያውቃቸውን ጀማሪ ባንዶች እየፈለገ፣ በሬዲዮ ዝግጅት እያሰማ፣ እነዚህን ስሙልኝ ይላል። ቴክኖም ይወዳል፤ የሜታል ሰው ቴክኖ እወዳለሁ ማለቱ ጉራጌ ክትፎ አልበላም እንደማለት ቢቆጠርም።

«ጎትሎርድ» የተባለውን የልምምድ ቅጂ ሳንቆጥር፣ ዳርክስሮን ከ1991 እስከ 2024 ድረስ 20 አልበም አውጥቷል። የ2024ቱ «ኢት ቤከንስ አስ ኦል» ይባላል።

ያ ተጠባባቂ ወንበርስ? ኦፔጎር ወረዳ በጃኑዋሪ 1 ቀን 2020 ሺ ከተባለችው ጎረቤቷ ጋር ተዋህዳ ኑርድሬ ፎሎ ተባለች። ምክር ቤቱ በዚያው ቀረ።