ቤት ሲቀየር የቤት ኢንተርኔት አብሮ ይሄዳልን?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወጣ ብላ የምትገኘው ወለቃ በሸክላ ሥራዋ እና በቤተ እስራኤላውያን ታሪኳ ትታወቃለች። ጎንደር እየሰፋች ስትሄድ ግን በመሐል ከተማ ተከራይቶ ይኖር የነበረ ቤተሰብ ቤት ሠርቶ የሚገባባት አካባቢም እየኾነች ነው። በዕለቱ አልጋው፣ ቁምሳጥኑ እና ምጣዱ በመኪና ተጭነው ይሄዳሉ። የኢንተርኔት መስመሩ ግን አይጫንም፤ ከቀድሞው ቤት ጣሪያ ሥር እንደተንጠለጠለ ይቀራል።

ብዙ ሰው “ዋይፋዬን ይዤ እሄዳለሁ” ሲል በዐይነ ኅሊናው የሚታየው በመስኮት አጠገብ ብልጭ ድርግም የምትለው ትንሽ ሳጥን ናት። ያቺ ሳጥን የረጅም መንገድ መጨረሻ ናት። አገልግሎቱ ከስልክ ማዕከሉ ይነሳል፤ በመንገድ ዳር ወደቆመ ካቢኔ ይደርሳል፤ ከካቢኔው በምሰሶ ላይ ወደተሰቀለች ማከፋፈያ ሳጥን ያመራል፤ ከዚያች ሳጥን ደግሞ አንድ ቀጭን ሽቦ ወደ ቤቱ ይገባል። በማከፋፈያዋ ሳጥን ውስጥ ያሉት መሰኪያዎች በቁጥር የተወሰኑ ናቸው። ለአንድ ደንበኛ አንድ መሰኪያ ይሰጣል፤ ሁሉም ከተያዙ ግን ጎረቤት እያለው እርሱ የማያገኝ ሰው ይኖራል። ስለዚህ ቤት ሲቀየር የሚዛወረው ሽቦው ሳይኾን ውሉ ነው። ውሉ የሚያርፍበት ክፍት መሰኪያ በአዲሱ ሰፈር መኖር አለመኖሩ ዋናው ጥያቄ ይኾናል።

ሁለተኛው ጥያቄ የመስመሩ ዓይነት ነው። በብዙ ቤት ያለው ነባሩ መስመር የመዳብ ሽቦ ነው፤ የቤት ስልክ የሚነገርበት ያው ሽቦ ኢንተርኔትም ያመላልሳል። መዳብ ግን ርቀት አይችልም። ምልክቱ በሽቦው ውስጥ በተጓዘ ቁጥር ይደክማል። በዚህ ቴክኖሎጂ እስከ 24 ሜጋ ቢት በሰከንድ ሊደርስ የሚችለው ፍጥነት ከመነሻው አራት ወይም አምስት ኪሎ ሜትር ሲርቅ ወደ አንድ እና ሁለት ሜጋ ቢት ይወርዳል፤ ከዚያ በላይ ጭራሽ የማይያዝበት ጊዜ አለ። ርቀቱ የሚለካው ደግሞ ሽቦው በዞረበት መንገድ ነው እንጂ በአሞራ በረራ አይደለም። በጎንደር መሐል ቪዲዮ ሳያቋርጥ ያሳይ የነበረ መስመር ወደ ወለቃ ሲዛወር ቢዘገይ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። በመካከል መሣሪያ የያዘ ካቢኔ ካለ ርቀቱ ከካቢኔው ጀምሮ ስለሚቆጠር ነገሩ ይሻሻላል።

ፋይበር ከዚህ ይለያል። በጸጉር በምትቀጥን መስታወት ውስጥ ብርሃን ነው የሚሄደው። ከማዕከሉ የሚወጣው አንድ ጭረት በመንገዱ ላይ ተከፋፍሎ ለ32 ወይም ለ64 ቤቶች ይደርሳል፤ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ድረስም ያገለግላል። በዚህ ስሌት ከመሐል ጎንደር እስከ ወለቃ ያለው መንገድ ለፋይበር ሩቅ አይደለም። ችግር ሊኾን የሚችለው የመጨረሻዋ መቶ ሜትር ናት፤ ዋናው ገመድ በአስፋልቱ ዳር ቢያልፍ እንኳ ወደ ውስጥ በሚገባው መንደር ምሰሶ እና ማከፋፈያ ሳጥን ከሌለ ቤቱ አይገናኝም። ገመዱን በዐይን ማየት እና አገልግሎቱን ማግኘት ለየቅል ናቸው።

ከመዳብ ወደ ፋይበር የሚሸጋገር ደንበኛ የቀድሞውን ሞደም ይዞ ቢሄድ አይጠቅመውም። የስልክ ሽቦ የሚሰካበት ሞደም ብርሃን አያነብም፤ ለፋይበሩ የሚስማማ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል። ይህ ወጪ በብዙ ሰው ዕቅድ ውስጥ አይገባም፤ ዝውውሩን ሲጠይቁ አብሮ መጠየቅ ይገባል።

በሀገራችን የቤት መስመር የሚሰጠው በዋናነት በ2003 ዓ.ም የተቋቋመው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ዝውውር የሚፈልግ ደንበኛ መታወቂያውን እና የአገልግሎት ቁጥሩን ይዞ ወደ አገልግሎት ማዕከል ይሄዳል፤ በ994 ደውሎ አስቀድሞ መረጃ መጠየቅም ይችላል። ውሉ በሌላ ሰው ስም ከኾነ፣ ለምሳሌ በአከራዩ ወይም ሀገር ጥሎ በሄደ ወንድም ስም ከኾነ፣ የዝውውሩ ጉዳይ ከስም ጉዳይ ጋር ስለሚያያዝ ይህንን አስቀድሞ ማስተካከል ይሻላል። ያልተከፈለ ሒሳብ ካለም በቴሌብር ወይም በማዕከሉ ከፍሎ ማጽዳት ነው።

በእኛ አካባቢ ከሁሉ የሚከብደው አድራሻ ማስረዳት ነው። በወለቃ ዙሪያ ካሉት አዳዲስ ቤቶች ብዙዎቹ የጎዳና ስም እና ቁጥር የላቸውም። “ከወፍጮ ቤቱ ከፍ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ አጠገብ” የሚለው ለጎረቤት ይበቃል፤ መሰኪያ ለሚፈልግ ባለሙያ ግን አይበቃም። በአዲሱ ቤት አቅራቢያ የሚኖር የቤት ኢንተርኔት ተጠቃሚ ካለ የእርሱን የአገልግሎት ቁጥር አስፈቅዶ ይዞ መሄድ ከማንኛውም ገለጻ የተሻለ ነው፤ ባለሙያው በዚያ ቁጥር የትኛው ሳጥን እንደኾነ ያገኘዋል። በምሰሶው ላይ ባለችው ሳጥን የተጻፈ ቁጥር ካለም በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው።

ይህ ሁሉ መደረግ ያለበት እቃ ከመጫኑ በፊት ነው። የተለመደው ቅደም ተከተል ተቃራኒ ነው፤ ሰው መጀመሪያ ይገባል፣ ከዚያ ይጠይቃል። ክፍት መሰኪያ የለም ከተባለ ደግሞ በሁለት በኩል ይጎዳል። በአንድ በኩል በበይነ መረብ የሚማር ልጅ ወይም ከቤት የሚሠራ ሰው ያለ መስመር ይቀራል። በሌላ በኩል የቀድሞው ቤት ውል ካልተቋረጠ ወይም ካልታገደ ወርኀዊው ሒሳብ በስሙ መቆጠሩን ይቀጥላል። በዚያ ቤት የገባው አዲስ ተከራይ መስመሩን እየተጠቀመበት ሊኾንም ይችላል፤ ዕዳውም ተጠያቂነቱም በስሙ ውል ለያዘው ሰው ነው። ስለዚህ ለቅቆ የሚወጣ ተከራይ ቢያንስ የይለፍ ቃሉን ሳይቀይር እና የውሉን ነገር ሳይቋጭ ቁልፍ ባያስረክብ ይመረጣል። አከራዮችም ሽቦውን በጥሰው እንዳይጥሉት ይመከራል፤ የነበረ ሽቦ ለቀጣዩ ተከራይ ሥራ ይቀንሳል።

መስመር እስኪገኝ ድረስ ወይም ጭራሽ በማይደርስበት ቀበሌ ያለው አማራጭ ሲም ካርድ የሚገባበት የአራተኛው ትውልድ ራውተር ነው። ምሰሶም መሰኪያም አይፈልግም፤ እንደ እቃ ተጭኖ የሚሄደውም ይህ ብቻ ነው። ነገር ግን የአንድ ማማ አቅም በዙሪያው ላሉት ሁሉ ስለሚከፋፈል ማታ ማታ ይዘገያል። በተራራማው የሰሜን ጎንደር መልክዓ ምድር ደግሞ ከማማው ጋር የሚጋርድ ገደል ወይም ጉብታ ካለ ሁለት ጎረቤታሞች የተለያየ ምልክት ያገኛሉ። ራውተሩን ከመግዛት በፊት በዚያው ቤት ውስጥ በስልክ መሞከር ገንዘብ ያድናል።

ለአርሶ አደሩ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ወደ አዲሶቹ ቤቶች የሚዘልቀው ገመድ በእርሻ ዳር ወይም በመንገድ ግርጌ ተቀብሮ ሊያልፍ ይችላል። ለአጥር፣ ለቦይ ወይም ለመሠረት ሲቆፈር አንድ የዶማ ምት ፋይበሩን ከቆረጠው የሚጨልመው የአንድ ቤት ኢንተርኔት ብቻ አይደለም፤ በዚያ ጭረት የተንጠለጠሉት ሁሉ ይቋረጣሉ። በሽቦው ላይ ያዘነበለ ባሕር ዛፍም ክረምት ሲገባ እንዲሁ ነው። ጉዳቱ እንደታየ በ994 ማሳወቅ ይገባል። የተበጠሰ ፋይበርን በእጅ ቋጥሮ ማገናኘት አይቻልም፤ መስታወቱ በልዩ መሣሪያ ቀልጦ ነው የሚቀጠለው።

የመዳብ መስመር ያለው ቤት መብረቅ በሚበዛባቸው የሐምሌ እና የነሐሴ ከሰዓታት የስልኩን ሽቦ እና የመብራቱን መሰኪያ ከሞደሙ ነቅሎ ቢያቆይ መልካም ነው። የፋይበሩ መስታወት ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ በእርሱ በኩል የሚመጣው ስጋት አነስተኛ ነው፤ በመብራቱ በኩል የሚመጣው ግን ለሁለቱም አንድ ነው።