ብቻውን በታንኳ በዩኮን ወንዝ፦ ነፋስ ሲነሳ ምን ይደረጋል?

ደንቢያንና የጣናን ዳር የሚያውቁ አባቶችና እናቶች ታንኳ ምን እንደሆነ አይጠፋቸውም። ደንገሉ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ይታሰራል። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳበት ብልህ ሰው በጠዋት ነው የሚሻገረው። ይህች ዕውቀት ከዚያ እጅግ ርቆ፣ በሰሜን ካናዳ በዩኮን ወንዝ ላይም ነፍስ ታድናለች።

ይህን ማንሳታችን በከንቱ አይደለም። ልጆቻችንና የልጅ ልጆቻችን ከጻባ ሲወጡ ቦርሳ ተሸክመው ሩቅ አገር መሄድ ለምደዋል። አንዱ ተራራ ይወጣል፣ ሌላው ወንዝ ይወርዳል። አያት «ተው አትሂድ» ቢል የሚሰማው የለም። «ብቻህን ነው? ውሃው ምን ያህል ይቀዘቅዛል? መቼ ትደውላለህ?» ብሎ መጠየቅ ግን ይቻላል።

ዩኮን 3,190 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ከካናዳ ተነስቶ አላስካን አቋርጦ ቤሪንግ ባሕር ይገባል። በታንኳ የሚሄዱት አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጡት ከዋይትሆርስ ከተማ እስከ ዳውሰን ያለውን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ ነው፤ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ሰው ሳይታይ የሚመሽበት ቀን አለ። ድብም አለ። ሁሉም የሚፈራው ድቡን ነው፤ በኔ ግምት ግን ከድቡ ይልቅ የሚያስፈራው ውሃውና ነፋሱ ነው።

ከዋይትሆርስ ብዙም ሳይርቅ ወንዙ ላበርዥ ሐይቅ ውስጥ ይገባል። ሐይቁ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ነፋሱም ድንገተኛ ነው። ቀዛፊው አንድ ሰው ሲሆን ነገሩ ይብሳል። እሱ ከኋላ ሲቀመጥ የታንኳው አፍንጫ ወደ ላይ ይነሳል፣ ነፋሱም ያን ይይዝና እንደ ቅጠል ያዞረዋል። ስለዚህ ምግቡንና ድንኳኑን ወደ ፊት ይጭናል፣ ራሱም ወደ መሃል ተጠግቶ ይንበረከካል። ዳር ዳሩን ይሄዳል እንጂ ሐይቁን በመሃል አይቆርጥም። ማዕበሉ ነጭ አረፋ ማውጣት ሲጀምር ከውሃው ይወጣል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ሻይ ያፈላል። ሙሉ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን መቀመጥ ሊኖርበት ይችላል። ወጣት የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ «ቀኑ አለፈብኝ፣ አውሮፕላን ሊያመልጠኝ ነው» ይልና ይገባል።

ቢገለበጥስ? በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲው ጎርደን ጊዝብሬክት ስለ ቅዝቃዜ ሲያስተምሩ «አንድ፣ አስር፣ አንድ» የሚል አቆጣጠር አላቸው። በረዶ በሚመስል ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው በመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ትንፋሹ ይቆራረጥበታል፤ ያኔ ውሃ ቢውጥ አለቀለት። ከዚያ ጣቶቹና ክንዶቹ የሚታዘዙት ለአስር ደቂቃ ያህል ነው። ራሱን እስኪስት ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ አለው። የመንሳፈፊያ ጃኬት ያላደረገ ግን እስከዚያ ሰዓት አይደርስም፤ እጁ ሲደነዝዝ ይሰምጣል። ልብሱም ጥጥ መሆን የለበትም። ጥጥ ሲርስ ሰውነትን ያቀዘቅዛል፣ ሱፍ ግን እርሶም ቢሆን ትንሽ ያሞቃል።

እ.ኤ.አ. በ1898 ወርቅ ፍለጋ በዚህ ወንዝ የወረደው ሕዝብ ለጉድ ነበር። በሜይ መጨረሻ በረዶው ሲሰበር ከ7,000 በላይ ጀልባዎች ጉዞ ጀመሩ። በዋይትሆርስ አጠገብ ባለው ፏፏቴማ ውሃ ብዙ ጀልባ ተሰባበረ፣ ሰውም ሰጠመ። ያን ጊዜ የፖሊስ አዛዡ ሳም ስቲል ሴቶችና ልጆች በእግር እንዲዞሩ፣ ጀልባውን የሚነዳውም ውሃውን የሚያውቅ ሰው እንዲሆን አዘዘ። እያንዳንዱ ጀልባ ቁጥር ተጻፈበት፤ የተሳፋሪዎቹም ስም ተመዘገበ። ጥብቅ ሰው ነበር፣ ግን በዚህስ ማን ይወቅሰዋል?

ከሐይቁ በኋላ ወንዙ ይፈጥናል። «አምስት ጣት» የሚባል ቦታ አለ፤ ቋጥኞች ውሃውን አምስት ቦታ ይከፍሉታል፣ ቀዛፊውም በቀኙ በኩል ያልፋል። ወደ ታች ሲወርድ ዋይት የሚባለው ወንዝ ደለል ይዞ ይቀላቀላል። ከዚያ ወዲያ ውሃው ቡና በወተት ይመስላል፤ ደለሉ የታንኳውን ሆድ እየፈተገ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ያሰማል። ብቻውን የሚሄድ ሰው ያን ድምፅ ቀኑን ሙሉ ነው የሚሰማው።

በመንገዱ ላይ ስልክ የማይሠራበት ቦታ ይበዛል። ስለዚህ የሚጠነቀቁት በሳተላይት መልእክት የሚልክ ትንሽ መሣሪያ ይይዛሉ፤ የት የት እንደሚያድሩና ዳውሰን በየትኛው ቀን እንደሚደርሱም ጽፈው ለቤተሰብ ይተዋሉ። ወረቀቱ ላይ ለነፋሱ የተተወ ሁለት ሦስት ትርፍ ቀን ከሌለበት፣ አያትየው ሳይፈርም ይመልስለት።